«ቼክ» ሲሉኝ ወጥ ቤት ገባሁ

የአንባቢ ደብዳቤ

«ለተከበሩ ጋሼ፤ ጤና ይስጥልኝ።

ተወልጄ ያደግኩት መንዝ፣ መሐል ሜዳ ነው። የሆቴል መስተንግዶ ተምሬ ደብረ ብርሃን ውስጥ አንድ ሆቴል ተቀጥሬያለሁ። በቅርቡ ጓሳ ሄደው ጭላዳ ሲያዩ የዋሉ አሜሪካዊ ባልና ሚስት እኛ ዘንድ እራት በሉ። በልተው ሲያበቁ ባልየው እጃቸውን ከፍ አድርገው «ቼክ ፕሊስ» አሉኝ። ቼክ ማለት መፈተሽ መሆኑን ከተማሪነቴ ጀምሮ አውቃለሁ። ጥብሱ ላይ አንዳች ነገር አግኝተዋል ብዬ ደነገጥኩ። የተራረፈውን ሳህን አንሥቼ ወጥ ቤት ገባሁና «ይህን ፈትሹ ተብላችኋል» አልኩ። ወጥ ቤቷም አንድ ቃል ሳትጠይቀኝ አዲስ ጥብስ ሠርታ ሰጠችኝ። ሁለተኛውን ጥብስ ፊታቸው ሳስቀምጠው ሚስትየዋ ሳቁ፣ ባልየው ሰዓታቸውን አዩ፣ ተቆጣጣሪዬም ከወዲያ ማዶ እኔን አየኝ።

ከዚያ ወዲህ ስሜ «ቼክ» ሆኖ ቀረ። ተቆጣጣሪዬ ከምግብ አዳራሹ አንሥቶ ዕቃ ግምጃ ቤት አስገባኝ። መዝገበ ቃላት ብገልጥ የዚህ ቃል ትርጉም ወርዶ ወርዶ አያልቅም፤ ሸምድጄ ልወጣው ብል አቃተኝ። አንድ ባልደረባዬ «ጨቀጨቀ ከሚለው አማርኛ የወሰዱት ነው» ይላል፤ እውነት ነው? እንግሊዞች ሒሳብን «ቢል» እንደሚሉም ሰማሁ፤ እንግዲያው የተሳሳቱት እንግዳው ናቸው ብዬ ለተቆጣጣሪዬ ላስረዳ? በዕቃ ቤቱ ወረቀቶች ላይ ደግሞ ይኸው ቃል በሁለት ዓይነት የእንግሊዝኛ አጻጻፍ ይታየኛል፤ የትኛው ነው ልክ? መልቀቂያዬን ጽፌ ኪሴ ከትቼዋለሁ፤ የእርስዎን ምክር ስጠብቅ ነው ያልሰጠሁት።

ግራ የገባኝ፣ ከደብረ ብርሃን»

መልስ

ወንድሜ፤ መልቀቂያዋን ከኪስህ አውጥተህ ሣጥንህ ውስጥ አኑራት። ቅደዳት አላልኩህም። ሰው በደመወዝ ማነስ፣ በአለቃ ክፋት፣ የተሻለ ቦታ በማግኘት ሥራ ይለቅቃል፤ ማንም አይከለክልህም። በአንድ ሳህን ጥብስ ግን ሥራ አይለቀቅም። ደግሞስ ያን ማታ ያደረግኸውን በሌላ በኩል ዞረህ እየው። እንግዳ ቅር የተሰኘ መስሎህ ሮጥህ። ቅሬታ በግልጽ ተነግሮት «እሺ፣ መጣሁ» ብሎ በዚያው የሚጠፋ አስተናጋጅ በሞላበት ዘመን፣ ያልተነገረ ቅሬታ ሰምቶ የሚሮጥ ሰው ያገኘ ሆቴል አንድ ጥብስ ቢከስር ብዙም አይጎዳም። የጎደለህ አንዲት ጥያቄ ናት፤ ወደ እርሷ እመለሳለሁ።

አስቀድመን ወደ ቃሉ እንሂድ። መዝገበ ቃላቱን ስትገልጥ የተደረደሩት ትርጉሞች እርስ በርሳቸው የማይተዋወቁ ይመስላሉ፤ መፈተሽ፣ መግታት፣ የባንክ ወረቀት፣ የምግብ ሒሳብ፣ የሸሚዝ ጥለት፣ የሻንጣ ቁጥር። ያስመረረህም ይኸው መሆኑን ከደብዳቤህ ተረድቻለሁ። ሁሉም ግን የአንድ አባት ልጆች ናቸው፤ አባታቸውም እንግሊዛዊ ሳይሆን የፋርስ ንጉሥ ነው።

ነገሩ የሚጀምረው ከጨዋታ ነው። ሕንዶች «ቻቱራንጋ» የሚሉት የጦር ሜዳ ጨዋታ ነበራቸው። ስሙ «አራት ክፍል ያለው» ማለት ሲሆን ክፍሎቹም የጦሩ ዝሆን፣ ሠረገላ፣ ፈረሰኛና እግረኛ ናቸው። ጨዋታው ወደ ፋርስ ተሻግሮ «ቻትራንግ» ተባለ፤ ዐረቦች ተቀብለው «ሻጥራንጅ» አሉት፤ በእኛ አገር ደግሞ «ሰንጠረዥ» ሆነ። ፋርሶች ንጉሣቸውን «ሻህ» ይላሉ። አንዱ ተጫዋች በሌላው ንጉሥ ላይ ሲያነጣጥር በዝምታ አያደርገውም፤ «ሻህ!» ብሎ ያስጠነቅቃል፤ ንጉሥህን ጠብቅ ማለቱ ነው። ያች ጩኸት ከጨዋታው ጋር በዐረቦች በኩል ወደ አውሮፓ ተሻገረች። በላቲንና በጥንቱ ፈረንሳይኛ አፍ ስትታሽ ቆይታ እ.ኤ.አ. በ1300 ግድም በእንግሊዝኛ «ቼክ» ሆና ትገኛለች። «ቼስ» የሚለው የጨዋታው የእንግሊዝኛ ስም ራሱ ከዚያው የፈረንሳይኛ ቃል የብዙ ቁጥር የወጣ ነው፤ ነገሥታት ቢባል አይርቅም።

ጨዋታው የሚያበቃበት «ቼክሜት» ደግሞ «ሻህ ማት» ነው። ዐረቦች ሁለተኛውን ቃል በራሳቸው ቋንቋ ሰምተው «ንጉሡ ሞተ» አሉት፤ የእነርሱ «ማተ» የእኛ «ሞተ» እኅት ናትና አንተም እንደዚያው ብትሰማው አይፈረድብህም። በፋርስኛ ግን «ማት» ማለት መላ የጠፋው፣ መውጫ ያጣ ማለት ነው። ግራ የገባው ብንልም ያስኬዳል። ፊርማህን ሳነብ ፈገግ ያልኩት ለዚህ ነው።

ከንጉሥ ወደ ፍተሻ እንዴት ተደረሰ? ቼስ ተጫውተህ እንደሆነ ታውቀዋለህ፤ በንጉሥህ ላይ «ቼክ» ከተባለ ሌላው ሥራ ሁሉ ይቆማል። የቱንም ያህል ያማረ ዕቅድ ቢኖርህ ትተኸው ንጉሡን ታድናለህ። ስለዚህ ቃሉ ከጨዋታው ሲወጣ መጀመሪያ የያዘው ትርጉም ድንገት መገታት ነበር። የጦር ግስጋሴ ሲገታ፣ ፈረስ በልጓም ሲያዝ፣ ቁጣ ሲታፈን በዚህ ቃል ተነገረ። የመንግሥት አንዱ አካል ሌላውን ከልክ እንዳያልፍ የሚገታበትን አሠራር አሜሪካውያን ዛሬም በዚሁ ቃል ይጠሩታል። ከመግታት ወደ መፈተሽ ያለው መንገድ አጭር ነው። መንገድ ላይ ኬላ ስትደርስ የሚሆነውን አስብ፤ ገመዱ ይዘረጋል፣ አውቶቡሱ ይቆማል፣ ፈታሹ ይገባል። መቆሙ ለመፈተሽ ነው፤ ሳይቆም የሚፈተሽ የለም። እንግሊዝኛውም ሁለቱን አንድ ላይ አቆራኛቸው፤ ኬላንም «ቼክ ፖይንት» አለው። አንተ በትምህርት ቤት የተማርከው «ማረጋገጥ» የሚለው ትርጉም እንግዲህ በዕድሜ ከታናናሾቹ አንዱ ነው። አንተ ግን የበኵር ልጅ አድርገኸው ኖርክ።

አንተን ያሰናከለህ ወረቀቱ ነው። በ18ኛው ክፍለ ዘመን የገንዘብ ማዘዣ ከጥራዙ ተቆርጦ ሲሰጥ በጥራዙ ላይ ጉርድ ይቀር ነበር። አጭበርባሪ አሥሩን መቶ አድርጎ ቢመጣ ጉርዱ ያጋልጠዋል። ስለዚህ በመጀመሪያ «ቼክ» የተባለው ጉርዱ ነበር፤ መቆጣጠሪያው፣ ማመሳከሪያው። ቀስ እያለ ስሙ ከጉርዱ ወደ ተቆረጠው ወረቀት ዞረና ዛሬ ባንክ ወስደን የምንመነዝረው ቼክ ሆነ። አሜሪካ ውስጥ ደግሞ ለማመሳከሪያ የምትሆን ብጣሽ ወረቀት ሁሉ ስሙን ወረሰች፤ ሻንጣህን ስታስረክብ የምትቀበላት ቁጥር፣ ካፖርትህን ስታስቀምጥ የምትያዝልህ ምልክት፣ በመጨረሻም በልተህ ስታበቃ የምትመጣው የሒሳብ ወረቀት። የእንግዳህ «ቼክ ፕሊስ» ይህችኛዋ ናት።

«ታዲያ እንግሊዞች ቢል ነው የሚሉት» ብለሃል፤ ልክ ነህ። አሜሪካዊው ግን አልተሳሳተም፤ በአገሩ ልማድ የተናገረው ትክክለኛ ቃል ነው። እንዲያውም በአሜሪካ «ቢል» የገንዘብ ኖት ማለት ነው። አሜሪካዊ «ቼኩን» በ«ቢል» ይከፍላል፣ እንግሊዛዊ «ቢሉን» በ«ቼክ» ይከፍላል። በዚህ ጉዳይ ተቆጣጣሪህ ፊት ቆመህ እንግዳውን ለመክሰስ ብታስብ፣ ከጥብሱ ይልቅ ያ ክስ ነው ከሥራ የሚያስወጣህ። እንግዳ ተሳስቶ ቢሆን እንኳ አስተናጋጅ የእንግዳ ቋንቋ ፈታኝ አይደለም።

እስካሁን ያየነው የንጉሡን ቅርንጫፍ ነው። ሌላኛው ቅርንጫፍ የሰሌዳው ነው፤ እኔ በበኩሌ አብልጬ የምወደው ይህን ነው። የቼስ ሰሌዳ በአራት ማዕዘን የተከፋፈለ መሆኑን ታውቃለህ። በ12ኛው ክፍለ ዘመን የእንግሊዝ ንጉሥ የግብር ሒሳብ የሚተሳሰበው በአንድ ትልቅ ጠረጴዛ ላይ ነበር። ርዝመቱ ሦስት ሜትር፣ ወርዱ አንድ ሜትር ተኩል ያህል ሲሆን፣ ጠርዙ አራት ጣት ያህል ከፍ ተደርጓል፤ የላዩ ነገር እንዳይንከባለል ነው። መስመር የተሰመረበት ጥቁር ጨርቅ ይነጠፍበታል። በሮማ ቁጥር መደመርና መቀነስ ጭንቅ ስለነበር ሒሳቡ በወረቀት አይሠራም፤ ፔኒው በአንድ ረድፍ፣ ሺሊንጉ በሌላ፣ ፓውንዱ፣ መቶውና ሺሁ በየረድፋቸው በጠጠር መሰል መቁጠሪያ ይደረደራሉ። የየአውራጃው ሹም በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በፋሲካና በሚካኤል በዓላቸው እየመጣ ከጠረጴዛው ፊት ለፊት ይቀመጣል። የግምጃ ቤቱ ሒሳብ ሠሪ የሹሙን ዕዳ በጠጠር ይደረድራል፣ የከፈለውንም እንዲሁ ይቆጥርለታል። በዚያ ቤት የሠራ አንድ ባለሥልጣን ሲጽፍ፣ ስፍራው የቼስ ሰሌዳ ስም የተሰጠው ጨርቁ ሰሌዳ ስለሚመስል ብቻ አይደለም፤ በግምጃ ቤት ኃላፊውና በአውራጃው ሹም መካከል እንደ ቼስ ያለ ፍልሚያ ስለሚካሄድበትም ነው ይላል። ግብር ሰብሳቢና ግብር ከፋይ ፊት ለፊት ሲቀመጡ ያየ ሰው ይህን ለማመን አይቸገርም። የእንግሊዝ የገንዘብ ሚኒስትር እስከ ዛሬ «ቻንስለር ኦፍ ዘ ኤክስቼከር» ይባላል፤ በእኛ አነጋገር ብናስበው የሰንጠረዡ ሹም ማለት ነው።

«ሰንጠረዥ» ብዬ በድንገት አላመጣሁትም። እኛም ቃሉን ሁለት ጊዜ ነው የምንጠቀምበት። በመኳንንቱ ቤት ይዘወተር የነበረው የጥንቱ ጨዋታ ሰንጠረዥ ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ወደ አገራችን የመጣው እንግሊዛዊው ሄንሪ ሶልት የትግራዩ ራስ ወልደ ሥላሴ ይህን ጨዋታ ምን ያህል ይወዱ እንደነበር ጽፏል። የእኛው ጨዋታ ከአውሮፓው የሚለይበት ጠባይ ነበረው፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚጫወቱት መስመር በተሰመረበት ቀይ ጨርቅ ላይ ሲሆን፣ መጀመሪያ ላይ «ወረራ» የሚባል ምዕራፍ አለው። በወረራው ጊዜ ተራ መጠበቅ የለም፤ ሁለቱም ወገኖች አንድ ነገር እስኪበላ ድረስ እንደ ፈቀዱ ሠራዊታቸውን ያሰልፋሉ። ያ ጨዋታ ዛሬ ከመዘንጋት አፋፍ ላይ ነው፤ ስሙ ግን በየመጽሐፉና በየመሥሪያ ቤቱ ሪፖርት ውስጥ ይኖራል፤ ቁጥር በረድፍና በዓምድ የሚሞላበትን ሥዕል ሁሉ ሰንጠረዥ እንላለንና። እንግሊዞች ከሰሌዳው ወደ ሒሳብ ጠረጴዛ ሄዱ፣ እኛም ከሰሌዳው ወደ ሒሳብ ወረቀት ሄድን፤ አንዱ ከሌላው ሳይሰማ። ወንድሜ፣ አንተም ዛሬ ዕቃ ግምጃ ቤት ተቀምጠህ የሳሙናና የፎጣ ቁጥር በሰንጠረዥ የምትሞላ ከሆነ፣ ሊቀጡህ ያስገቡህ የቃሉ የትውልድ ቤት ውስጥ ነው።

የቀሩት ዘመዶች ብዙ አያቆዩንም። በአራት ማዕዘን የተሸመነ ሸሚዝ «ቼክ» የሚባለው በሰሌዳው ምክንያት ነው። እኛ ዳማ የምንለውን፣ ወጣቶች በየመናኸሪያው አጠገብ በቢራ ቆርኪ የሚጫወቱትን፣ አሜሪካውያን «ቼከርስ» ይሉታል። ጽሑፍ አርመህ ከጎኑ የምታደርጋት የ«ልክ ነው» ምልክትም በአሜሪካ «ቼክ» ናት።

ባልደረባህ ስለ «ጨቀጨቀ» የነገረህን ተወው። ድምፅ ስለተመሳሰለ ዝምድና አይቈጠርም፤ አንድ ቃል የማን ልጅ እንደሆነ የሚታወቀው የሄደበት መንገድ ሲታይ ነው፣ የ«ቼክ» መንገድ ደግሞ ከፋርስ እስከ ለንደን እግር በእግር ይታያል። ቼክ ሪፐብሊክ የምንላት አገርም ከዚህ ቃል ጋር የሥጋ ዝምድና የላትም፤ ስሟ የሕዝቡ ስም ነው። ተቃራኒውም ያጋጥማል። እናንተ መንዞች በምታውቁት በገብስ ልንገርህ፤ በእንግሊዝኛ የገብስ ዛላና የሰው ጆሮ ሁለቱም «ኢር» ይባላሉ። ዛላው ከአገዳው ጫፍ ጎን ብቅ ሲል ጆሮ ስለመሰላቸው ነው ብለህ ልትምል ትችላለህ። አይደለም፤ በጥንቱ እንግሊዝኛ ሁለት የተለያዩ ቃላት ነበሩ፣ የዛላው ከሹል ነገር ስም የመጣ ነው፣ ዘመን አፋቸውን አመሳሰለው። «ቼክ» የአንድ አባት ብዙ ልጆች ነው፤ «ኢር» ግን የሁለት ቤት ልጆች በአንድ ስም ሲጠሩ ነው። መዝገበ ቃላት ሁለቱን ዓይነት በአንድ መልክ ስለሚደረድራቸው ሲያነቡት ያደክማል።

ስለዚህ መሸምደዱን ተው። አማርኛህን ሸምድደህ አልተማርክም። «ገባ» የምትለዋን ቃል ውሰድ። እንግዳ ሆቴል ይገባል። ነገር ይገባዋል። ቃል ይገባል። ዕቁብ ይገባል፣ ማኅበር ይገባል፣ ሱባዔ ይገባል። ክረምት ይገባል። ደመወዝ ባንክ ይገባል፣ ሠራተኛው ደግሞ ጭማሪ ይገባዋል። ያ አሜሪካዊ አማርኛ ልማር ብሎ መጥቶ በ«ገባ» ሥር የተደረደረውን ቢያይ፣ በማግሥቱ ጭላዳውን ተሰናብቶ ወደ አገሩ ይሄድ ነበር። አንተ ግን አንዱን ከሌላው አደባልቀህ አታውቅም፤ ቃሉን ከጎረቤቱ ጋር ነው የምታውቀው፤ «ቃል» ካለ መሐላ ነው፣ «ክረምት» ካለ ጃንጥላ ነው።

እንግሊዝኛውንም በጎረቤቱ ያዘው። ሥራህ ላይ የምትፈልጋቸው ጥቂት ናቸው። «ቼክ ኢን» እና «ቼክ አውት» ለመኝታ ክፍል መያዝና መልቀቅ እኛም እንላቸዋለን። «ቼክ ኦን» ከሆነ አንድን ሰው ወይም ነገር ደህና መሆኑን አይተህ ና ማለት ነው፤ «ቼክ ዊዝ» ከሆነ ከሚመለከተው ሰው ጠይቀህ አረጋግጥ ማለት ነው፤ «ቼክ አፕ» የሐኪም ምርመራ ነው። አንዷ ግን ታጭበረብራለች፤ «ቼክ አውት» እስቲ ሄጄ ልየው ማለትም ይሆናል። እንግዳ ጠዋት ቁርስ ላይ ነገ አንኮበርን «ቼክ አውት» አደርጋለሁ ቢልህ የምኒልክን ቤተ መንግሥት ስፍራ ሊያይ ነው፤ ሮጠህ የክፍሉን ሒሳብ እንዳታዘጋጅ። አንኮበር ላይ ክፍል የለውም፤ ከቃሉ ቀጥሎ የመጣው የቦታ ስም ይነግርሃል። አንድ ትንሽ ደብተር ያዝና ቃሉን ብቻውን ሳይሆን እንግዳው ከተናገረው ዓረፍተ ነገር ጋር፣ ከሰዓቱና ከቦታው ጋር ጻፈው። «ከእራት በኋላ፣ ሳህኑ ባዶ፣ እጅ ወደ ላይ» ብለህ ከጎኑ «ሒሳብ» ብትጽፍ ከአንድ ገጽ ትርጉም ይበልጥብሃል።

አሁን ወደዚያች ጥያቄ ልመለስ። ያልገባህን ነገር በመገመት ፈንታ እንግዳው በቀላሉ «አዎ» ወይም «አይ» የሚልበት ጥያቄ አቅርብ። «ዩር ቢል፣ ሰር?» ብትል አሜሪካዊውም እንግሊዛዊውም ይረዳሃል፤ ምግብ ቤት ተቀምጦ የሰማው አሜሪካዊ የብር ኖት ጠየቀኝ አይልም። ድምፅህን ዝቅ አድርገህ፣ ጐንበስ ብለህ፣ አንድ ጊዜ። መጠየቅን እንደ ውርደት ማየት የእኛ ሰው አንዱ ችግር ነው፤ በተለይ በእንግሊዝኛ ሲሆን «ሰምቻለሁ» ለማለት እንቸኩላለን። ሃሪስ የተባለው እንግሊዛዊ መልእክተኛ እ.ኤ.አ. በ1841 ወደ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ሲመጣ በመካከል ሆኖ የሚያስተረጉም ክራፕፍ የሚባል ጀርመናዊ ሚሲዮናዊ ነበረው። ንጉሡና መልእክተኛው አስተርጓሚ ያስፈለጋቸው ከሆነ አንተ ብቻህን ሦስት ጠረጴዛ ይዘህ አንዴ መልሰህ ብትጠይቅ ማን ይታዘብሃል?

ለተቆጣጣሪህ ደግሞ ራስህ ሄደህ ንገረው፤ ደብዳቤ አትጻፍ። የምሳ ጥድፊያ ካለፈ በኋላ፣ እንግዳም ባልደረባም በሌለበት አግኘው። ቃሉ እንዴት እንዳሳሳተህ በሁለት ዓረፍተ ነገር አስረዳው፤ የፋርሱን ንጉሥ ለእርሱ አታንሣበት፣ ሥራ አለው። ከዚያ የምትፈልገውን በግልጽ ጠይቅ፤ ከአንድ ነባር አስተናጋጅ ጋር ተመድበህ ወደ ምግብ አዳራሹ እንድትመለስ። ለጥብሱ ልክፈል እንዳትል፤ አልጠየቀህም፣ ደግሞም ጥፋቱ የአንተ ብቻ አልነበረም፤ ወጥ ቤቷም «ምኑን ነው የምፈትሸው?» ብላ ብትጠይቅህ ነገሩ እዚያው ያበቃ ነበር። ይህን ግን ለተቆጣጣሪው አትንገረው፤ እርሷ ጋ ሄደህ በሣቅ ተነጋገሩ፤ ነገ ተነገ ወዲያ አብራችሁ ትሠራላችሁና። አይሆንም ካለህና ዕቃ ቤት ለብዙ ወራት ካስቀመጠህ ያኔ ሣጥንህን ክፈት፤ ሌላ ሆቴል ፈልገህ ካገኘህ በኋላ እንጂ ከዚያ በፊት አይደለም።

ስለ ቅጽል ስሙ ብዙ አትጨነቅ፤ በተቆጣህ ቁጥር ይጸናል። ቢያስፈልግ ትርጉሙ ንጉሥ መሆኑን አንድ ጊዜ ንገራቸውና ዝም በል። «አቤት» እያልክ በፈገግታ ከመለስክላቸው ደግሞ ከሚሰለቹት ነገር አንዱ ይሆናል። ሰው ፊት፣ በተለይ እንግዳ ፊት የሚጠራህ ካለ ግን ለብቻው ጠርተህ በስሜ ጥራኝ በለው፤ ያ መብትህ ነው።

የመጨረሻው ጥያቄህ ቀላል ነው። አሜሪካውያን ሁሉንም ትርጉም በአንድ አጻጻፍ ይጽፋሉ፤ ሲ፣ ኤች፣ ኢ፣ ሲ፣ ኬ። እንግሊዞች ለባንኩ ወረቀት ብቻ ይለዩትና መጨረሻውን ኪው፣ ዩ፣ ኢ ያደርጉታል፤ ይህን የለመዱት ያን ግምጃ ቤታቸውን፣ ኤክስቼከርን እያሰቡ ነው። ለፍተሻ፣ ለመግታትና ለሸሚዝ ጥለት ግን እነርሱም እንደ አሜሪካውያኑ ይጽፋሉ። ስለዚህ በዕቃ ቤቱ ወረቀቶች ላይ ያየሃቸው ሁለቱም ልክ ሊሆኑ ይችላሉ። ዕቃ ለተፈተሸበት ቅጽ በኬ የሚያልቀውን ጻፍ። ለባንክ ክፍያ ከሆነ ሆቴላችሁ በሚጠቀምበት የቼክ ጥራዝ ላይ ባንኩ እንዴት እንዳተመው አይተህ እርሱን ተከተል፤ በአንድ ወረቀት ላይ ግን ሁለቱን አታደባልቅ።